ሞተር አየር እንጂ ውሃ አይጠጣም

አንድ ዕቃ በተሠራበት አገር መልካም ሆኖ መገኘቱ በሌላውም አገር መልካም ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሰው ልብሱን እንደ አገሩ አየር እንደሚለብስ ሁሉ መሣሪያም እንደሚሠራበት አገር ዝናብ፤ ከፍታና መንገድ መመረጥ ይገባዋል። ይህን ለማለት ያነሣሣን አንዳንድ ወጣቶች የአውቶሞቢላቸውን ጕልበት ለመጨመር ሲሉ ፋብሪካው የሠራውን አውልቀው በምትኩ የሚያስገጥሙት የአየር መሳቢያ ቱቦ ነው። ቱቦው ሲታይ ያማረ ነው፤ ሞተሩም ነዳጅ ሲሰጡት እንደ እሽቅድምድም መኪና ያጓራል። ነገር ግን ይኸው ቱቦ በአንድ የክረምት ማታ ሞተሩን በሙሉ ሊያሳጣ የሚችል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። ነዳጅ ያለ አየር አይነድምና አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲነድ ወደ 15 ኪሎ የሚጠጋ አየር ይፈልጋል። 1,600 ሲሲ የሆነ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞርና ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲረገጥ በአንድ ደቂቃ እስከ 2,400 ሊትር አየር ይስባል። ይህም እያንዳንዳቸው 200 ሊትር የሚይዙ 12 በርሜሎችን በአንድ ደቂቃ ባዶ እንደ ማድረግ ይቆጠራል። ታዲያ ይህን ያህል ኃይል ያለው ሳቢ ከፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይስባል እንጂ ይህ አየር ነው፤ ይህ ውሃ ነው ብሎ አይመርጥም።

የፋብሪካ መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ በብዙ አውቶሞቢሎች ላይ የአየሩን መግቢያ አፍ ከኮፈኑ ሥር ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያስቀምጡታል። ቱቦውንም የሚያጣምሙት፤ ሣጥንም የሚያበጁለት ብረትና ላስቲክ ስለ ተረፋቸው አይደለም። ከመንገድ የሚረጨው ውሃ ወደ ፊልትሮው ሳይደርስ በመንገድ ተንጠባጥቦ እንዲቀር ብለው ነው።

ይህን መለወጥ የተስፋፋው በተለይ በ1990ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በደቡብ ካሊፎርኒያ ነው። በዚያ የነበሩ ወጣቶች ሆንዳ ሲቪክን በመሳሰሉ ትንንሽ አውቶሞቢሎች ላይ ረዥም ቱቦ አስገጥመው ፊልትሮውን ከፓራውልቱ ኋላ ወደ ታች አወረዱት። ምክንያታቸውም ከንቱ አልነበረም፤ ይኸውም ከኮፈኑ ሥር ያለው አየር በሞተሩ ሙቀት ስለሚግል፤ ከታች ያለው ግን ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ነው። ቀዝቃዛ አየር የታመቀ ነው፤ ሙቀቱ በ3 ዲግሪ በቀነሰ ቍጥር እፍጋቱ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ይጨምራል። እንግዲህ 10 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አየር ቢገኝ ትርፉ ከመቶ ሦስት እጅ ገደማ ነው ማለት ነው።

ነገር ግን የሎስ አንጀለስ ከተማ የዓመት ዝናብ 370 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ሲሆን በበጋቸው ወራት ከናካቴው የማይዘንብ ያህል ነው። የአዲስ አበባ ዝናብ ግን በዓመት 1,200 ሚሊሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከዚህም ትልቁ ድርሻ በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በደረቅ አገር ፊልትሮን ወደ መሬት ማውረድ እምብዛም ዋጋ አያስከፍል ይሆናል። ጎርፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጐዳናውን ወንዝ በሚያደርግበት አገር ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የወጣቶቻችን ምኞት ከየት እንደሚመጣ እኛም አንስተውም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ሞተር ሁሉ በዚህ ከተማ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ዳገት ላይም ይደክማል። ይሁን እንጂ ይህን የጐደለ ሩብ ቱቦ መለወጥ አይመልሰውም። ቱቦው አየሩን ያቀዘቅዝ ይሆናል እንጂ አያምቀውም፤ አየሩን የሚያምቀው ቱርቦ የተባለው መሣሪያ ነው። አየሩን ከማቀዝቀዝ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ በጣም ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንምጣ። ከላይ የጠቀስነው ባለ 1,600 ሲሲ ሞተር አራት ሲሊንደር ካለው እያንዳንዱ 400 ሲሲ ይሆናል። ፒስቶኑ ወደ ላይ ወጥቶ አየሩን አንድ አሥረኛ እስኪሆን ድረስ ሲያምቀው በላዩ የሚቀረው ቦታ 44 ሲሲ ያህል ብቻ ነው። አየር ይታመቃል፤ ውሃ ግን አይታመቅም ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ወደ አንድ ሲሊንደር ከዚህ የሚበልጥ ውሃ ከገባ ፒስቶኑ ግድግዳ እንደ ገጠመው ሰው ይቆማል። ሞተርን ለመግደል በርሜል ውሃ አያስፈልግም፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ያነሰ ይበቃዋል። በናፍጣ የሚሠራ ሞተር ደግሞ አየሩን ከዚህም አብልጦ ስለሚያምቅ የባሰ አይምሬ ነው።

ሞተሩ በቀስታ በሚዞርበት ጊዜ ውሃው ቢገባ ድንገት ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ ይህ ቀላሉ ነው። በፍጥነት ሲዞር ከሆነ ግን ፒስቶኑን የሚይዘው የብረት ክንድ ይጐብጣል፤ ወይም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። ከሁሉ የሚከፋው ጥቂት ጐብጦ የቀረው ነው። አውቶሞቢሉ ተነሥቶ ይሄዳል፤ ባለቤቱም ተርፌያለሁ ብሎ ይደሰታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ክንዱ ደክሞ ሲሰበር ግን ምክንያቱ የዚያ ቀን ውሃ መሆኑን የሚያስታውስ አይገኝም። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ ማለት እንዲህ ያለው ነው።

ፊልትሮው ዝናብ ነካው ተብሎ ሞተር ይሰበራል ማለታችን ግን አይደለም፤ ጥቂት ጠብታ ከአየሩ ጋራ ገብቶ ተንኖ ይወጣል። አደጋው ፊልትሮው በውሃ ሲዋጥ ነው። ከፓራውልት ኋላ የወረደ ፊልትሮ ከመሬት ሁለት ስንዝር እንኳ ላይርቅ ይችላል። ከድልድይ ሥር የተኛ ውሃ አንድ ስንዝር ቢሆንም ከፊት የሚመጣ የጭነት መኪና ሞገድ ሲገፋበት በአንድ አፍታ እጥፍ ይሆናል።

ለዚህ የሚሆን መከላከያ የለም አይባልም። ውሃ የታችኛውን አፍ ሲዘጋው ከላይ ተከፍቶ አየር የሚያስገባ ክዳን በገበያ አለ፤ ቱርቦ ላለው ሞተር ግን አይሆንም። ወንዝ እየተሻገሩ በገጠር የሚሠሩ ላንድክሩዘሮች በጐናቸው ወደ ጣራው የሚወጣ ቱቦ ይዘው ይታያሉ። ይህ አፉን ወደ ላይ የሚያወጣ ስለ ሆነ አሳቡ የቀና ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ በደንብ ካልታሸገ ግን ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሞተሩ ውሃ ውስጥ ቢቆምስ? አጥፍቶ መተው ነው። ባለቤቱ ደንግጦ ሞተሪኖውን ደጋግሞ ቢያዞር ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። አውቶሞቢሉ ተጐትቶ ከደረቅ ቦታ ይውጣ፤ ፊልትሮው ተከፍቶ ይታይ። እርጥብ ሆኖ ከተገኘ መካኒክ ካንዴላዎቹን ነቅሎ ሞተሩን በእጅ በማዞር ውሃውን ያስወጣው። ዘይቱም ወተት እንደ ገባበት ቡና ከሆነ ሳይለወጥ ሞተሩ አይነሣ። ያገለገለ አውቶሞቢል የሚገዛም ሰው ኮፈኑን ከፍቶ ፊልትሮው የት እንዳለ ይመልከት፤ ውሃ ገብቶበት ያውቅ እንደ ሆነም ይጠይቅ።

አዲስ ነገር አይሞከር አንልም፤ መሞከር የትምህርት አባት ነው። ነገር ግን ለአንድ ወጣት ሠራተኛ አውቶሞቢል የብዙ ዓመት ቍጠባ፤ አንዳንድ ጊዜም የቤተ ሰብ ሁሉ መዋጮ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በመወሰኑ ደግሞ በእጅ ያለውን ሞተር መጠበቅ ከቀድሞው የበለጠ ጥቅም አለው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላልና ፋብሪካው የሠራውን ከመንቀላችን በፊት ለምን እዚያ እንዳስቀመጠው እንጠይቅ። መልሱን ያወቀ ቢለውጥም አውቆ ይለውጣል፤ ያልጠየቀ ግን ከመቶ ሦስት እጅ ለማትረፍ ብሎ መቶውን ይከስራል።