ድንጋይ በአልትራቫዮሌት ሲፈተሽ

በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በምዕራባዊው በረሃ፣ ዳግዌይ የሚባል ስፍራ አለ። እዚያ ከጭቃማ ደለል ተቆፍሮ የሚወጣው ድቡልቡል ድንጋይ ከውጭ ሲያዩት ግራጫና ሻካራ ነው፤ መንገድ ላይ ቢገኝ ጎንበስ ብሎ የሚያነሳው ሰው ያለ አይመስለኝም። ሲሰነጠቅ ግን ውስጡ ባዶ ሆኖ፣ ግድግዳውን ነጣ ያለ ወይም ሰማያዊማ ኬልቄዶንና ጥቃቅን የኳርትዝ ክሪስታል ለብሶት ይገኛል። ኬልቄዶንን የራእይ ዮሐንስ አንባቢ ከአዲሲቱ ኢየሩሳሌም መሠረቶች መካከል ያውቀዋል። ይህን ድንጋይ ጨለማ ክፍል አስገብተው አጭር ሞገድ ያለው የአልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት ያ ነጣ ያለ ግድግዳ ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። መብራቱ ሲጠፋ አረንጓዴውም አብሮ ይጠፋል።

እንዲህ ያለው ውስጠ ባዶ ድንጋይ ጂኦድ ይባላል። የዳግዌዮቹ ታሪክ የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረ እሳተ ገሞራ ነው። ራዮላይት የተባለው አለት ሲቀዘቅዝ ጋዝ በውስጡ ታፍኖ ባዶ ቦታዎችን ተወ። ከዚያ በኋላ የከርሰ ምድር ውሃ ሲሊካ አሟሙቶ እያመጣ በባዶው ግድግዳ ላይ ድርብ በድርብ አስቀመጠ። ከ32 ሺህ እስከ 14 ሺህ ዓመት በፊት ደግሞ ቦነቪል የተባለ ግዙፍ ሐይቅ አካባቢውን ሸፍኖ ነበርና፣ ማዕበሉ አለቱን ሸርሽሮ ጂኦዶቹን ዛሬ ወደሚገኙበት ደለል ወሰዳቸው። ያ ሲሊካ ያመጣው ውሃ ሌላም ነገር ይዞ ነበር፤ እጅግ ጥቂት ዩራኒየም። አረንጓዴውን ብርሃን የሚሰጠው ከኦክስጅን ጋር የተጣመረው ይህ ዩራኒየም ነው። መጠኑ ኢምንት ስለሆነ በቀን ብርሃን ምንም አያስታውቅም።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት ከዓይናችን መነሳት ይሻላል። የሰው ዓይን የሚያየው የሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ የሆነውን ብርሃን ነው። ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር ያለውን፣ ከ400 በታች ያለውን የማይታይ ጨረር ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር እ.ኤ.አ. በ1801 በብር ጨው ላይ በሚያሳድረው ለውጥ ደረሰበት። ማዕድን በዚህ ጨረር ሲመታ በውስጡ ያሉ ኤሌክትሮኖች ጉልበቱን ተቀብለው ከፍ ይላሉ። ወደ ቦታቸው ሲመለሱ ግን የተቀበሉትን ሁሉ በብርሃን አይመልሱም፤ ከፊሉ በሙቀት መልክ ይቀራል። መቶ ብር ተቀብሎ የራሱን ድርሻ ቆርጦ ቀሪውን በዝርዝር እንደሚመልስ ሰው ነው። የተመለሰው ብርሃን ጉልበቱ ስላነሰ ሞገዱ ይረዝማል፣ ዓይናችንም ሊያየው ይችላል። ይህን ሕግ እ.ኤ.አ. በ1852 በጽሑፍ ያስረዳው በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ ነው። ፍሎራይት ከተባለው ማዕድን ተነስቶም ክስተቱን ፍሎረሰንስ አለው።

ቤታችን ጣሪያ ላይ የምናውቀው ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት በትክክል ይህንኑ ያደርጋል። ቱቦው ውስጥ ያለው የሜርኩሪ ትነት አልትራቫዮሌት ያመነጫል፤ የመስታወቱን ውስጥ የለበሰው ነጭ ዱቄት ያንን ተቀብሎ የሚታይ ብርሃን ይሰጣል። ባንክ ውስጥ የብር ኖት ሐሰተኛ መሆን አለመሆኑ የሚታይበት መብራትም የዚሁ ዘመድ ነው።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ቁም ነገር ያለው ብርሃኑ ከማን እንደሚመጣ ሲጠየቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያበራው ማዕድኑ ራሱ አይደለም፤ በውስጡ የገባ ጥቂት እንግዳ ነገር ነው። ንጹሕ ካልሳይት ለአልትራቫዮሌት ያን ያህል አይመልስም። ከካልሲየሙ ጥቂቱ በማንጋኒዝ ሲተካና እርሳስም ሲታከልበት ግን ፍም የመሰለ ብርቱካንማ ቀይ ይሆናል። እርሳሱ ጨረሩን ይቀበላል፣ ለማንጋኒዙ ያቀብላል፣ ማንጋኒዙ ያበራል። የሚገርመው ግን ያው ማንጋኒዝ ዊለማይት በሚባለው የዚንክ ማዕድን ውስጥ ሲገባ የሚሰጠው ብርሃን አረንጓዴ መሆኑ ነው። ንጥረ ነገሩ አንድ ሆኖ ቀለሙን የሚወስኑት በዙሪያው ያሉት ጎረቤት አቶሞች ናቸው። ሩቢን የሚያቀላው ክሮሚየምም በረጅም ሞገድ ስር ቀይ ብርሃን ያወጣል። ብረት ደግሞ የሁሉም ጠላት ነው፤ በዛ ብሎ ከተገኘ ብርሃኑን ያዳፍነዋል። የእሳተ ገሞራ ጥቁር ድንጋያችን፣ ባዛልቱ፣ በመብራቱ ስር ጨለማ ሆኖ የሚቀረው በዋናነት በዚህ ምክንያት ነው። በራሱ አካል የሚያበራም አለ፤ የተንግስተን ማዕድን የሆነው ሼላይት እንግዳ ሳያስፈልገው በአጭር ሞገድ ስር ሰማያዊማ ነጭ ይሆናል።

ካልሳይትና ዊለማይት በአንድ አለት ላይ ቀይና አረንጓዴ ሆነው የሚታዩበት ዝነኛ ቦታ በኒው ጀርሲ ያለው የፍራንክሊንና የስተርሊንግ ሂል የዚንክ ማዕድን ነው። ከሁለቱ ስፍራዎች ከ350 በላይ የማዕድን ዓይነቶች ተለይተዋል፤ ከእነዚህ ወደ 90 የሚሆኑት ያበራሉ። እዚያ የነበሩ ሠራተኞች ይህን እንደ ትርኢት አላዩትም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በብረት ዘንጎች መካከል በሚፈነጥቅ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አልትራቫዮሌት እያመነጩ፣ ከማጣሪያው በሚወጣው ተረፈ ምርት ውስጥ ያመለጠ ዊለማይት አለመኖሩን ይመረምሩ ነበር። አረንጓዴ ከታየ ዚንክ እየባከነ ነው ማለት ነው። የፍራንክሊኑ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1954፣ የስተርሊንግ ሂሉ በ1986 ተዘጉ፤ የኋለኛው ዛሬ ሙዚየም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንም ለጠንካራ ብረት የሚሆን ተንግስተን በጥብቅ ይፈለግ ስለነበር፣ የአሜሪካ ምዕራብ ማዕድን ፈላጊዎች በሌሊት መብራት ይዘው ሼላይት ሲያስሱ አደሩ። ነዳጅ ቆፋሪዎችም ከጉድጓድ የወጣውን የአለት ፍርፋሪ በዚሁ ብርሃን ያያሉ፤ ድፍድፍ ዘይት ካለበት ያበራልና።

ወደ አፈታተሹ ስንመጣ፣ መጀመሪያ የሚወስነው የመብራቱ ዓይነት ነው። በገበያ በርካሽ የሚገኘው የኤልኢዲ ባትሪ ብዙውን ጊዜ 395 ናኖሜትር ነው፤ ከአልትራቫዮሌቱ ጋር ብዙ የሚታይ ሐምራዊ ብርሃን ይረጫል። ይህ ሐምራዊ ድንጋዩ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ጀማሪ ሰው «አበራ» ይላል። ድንጋዩ መለሰ የሚባለው ከመብራቱ የተለየ ቀለም ሲያወጣ ብቻ ነው። ረጅም ሞገድ የሚባለውን 365 ናኖሜትር የሚሰጥና የሚታየውን ብርሃን የሚያስቀር ጥቁር ማጣሪያ መስታወት የተገጠመለት ባትሪ ዋጋው ከፍ ቢልም ልዩነቱ የትየለሌ ነው። የዳግዌይን አረንጓዴ፣ ዊለማይትንና ሼላይትን በሙሉ ድምቀታቸው ለማየት ደግሞ 254 ናኖሜትር የሚሰጥ የአጭር ሞገድ መብራት ያስፈልጋል። አንዳንድ ማዕድን በሁለቱ ሞገዶች ሁለት የተለያየ ቀለም ይሰጣል፤ በቴክሳስ ተርሊንጓ የሚገኘው ካልሳይት በረጅሙ ሮዝ፣ በአጭሩ ሰማያዊ ነው። ስለዚህ ሁለቱንም መሞከርና ሁለቱንም መጻፍ ይገባል፤ የሞገዱ ርዝመት ያልተጻፈበት «አረንጓዴ አበራ» የሚል ማስታወሻ ጥቅሙ ግማሽ ነው።

ድንጋዩ በንጹሕ ውሃና በብሩሽ ይታጠብ፣ በደንብም ይድረቅ። የልብስ ሳሙና አይመከርም፤ ነጭ ልብስን ይበልጥ የሚያነጣው በውስጡ ያለ አብሪ ኬሚካል ነውና፣ በስንጥቅ ውስጥ የቀረው ሳሙና ሰማያዊ ያበራል። የጥጥ ብናኝ፣ ወረቀትና ሙጫም እንዲሁ ያበራሉ። በመጋዝ የተቆረጠ ጂኦድ ሲሆን ጥንቃቄው ይጨምራል፤ ለማቀዝቀዣ የሚፈስበት ዘይት በቀዳዳዎቹ ሰርጎ የማዕድን ብርሃን መስሎ ያታልላል። ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ መሆን አለበት። ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ያህል መታገስ ያስፈልጋል፤ ደካማውን ብርሃን የሚያየው የታገሰ ሰው ነው። መብራቱ ወደ ድንጋዩ በጣም ይቅረብ፤ ጨረሩ በርቀት ቶሎ ይደክማል። ከዚያ መብራቱን ድንገት አጥፍቶ ማየት ነው። ብርሃኑ ወዲያው ካልጠፋና እየደበዘዘ ከቆየ ይህ ፎስፎረሰንስ የሚባል ሌላ ጠባይ ነው። በዋሽንግተን ስሚዝሶንያን ሙዚየም ያለው ሰማያዊው የሆፕ አልማዝ በአጭር ሞገድ ከተመታ በኋላ በጨለማ ቀይ ሆኖ የሚቆየው በዚህ ጠባይ ነው።

የአጭር ሞገድ መብራት ቀልድ አይደለም። ብየዳ ያለ መከላከያ ያየ ሰው ሌሊቱን ዓይኑ ላይ የሚደርስበትን ስቃይ ያውቃል፤ ይህም ጨረር ያንኑ ያደርሳል። ቆዳንም ያቃጥላል። አልትራቫዮሌት የሚከላከል የፖሊካርቦኔት መነጽር ማድረግ፣ እጅን መሸፈን፣ መብራቱን ወደ ሰው ፊት አለማዞር ግዴታ ነው። ሕፃናት ባሉበት ረጅሙ ሞገድ ይበቃል፤ እሱንም ቢሆን በቀጥታ ማየት አይገባም። በረሃ ላይ በሌሊት የሚፈትሽ ሰው ደግሞ መሬት ላይ ያየውን አረንጓዴማ ብርሃን በእጁ አይንካ፤ ጊንጥም ያበራል።

መብራቱ የማይችለውንም በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። ብርሃኑ የድንጋዩን ስም አይናገርም። አረንጓዴ ያበራ ሁሉ ዊለማይት አይደለም፤ ቀይ ያበራ ሁሉም ካልሳይት አይደለም። ከአንድ ጉድጓድ የወጡ ሁለት ካልሳይቶች አንዱ ሊያበራ፣ ሌላው ዝም ሊል ይችላል፤ የሚለያያቸው በውስጣቸው የገባው እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ ምርመራው በሌላ ፈተና መደገፍ አለበት። ጂኦዱ ውስጥ ያለው ክሪስታል በቢላ ከተጫረና ኮምጣጤ ወይም ሌላ ቀላል አሲድ ሲነካው ከፈላ ወደ ካልሳይት ያመዝናል። ካልተጫረ፣ ይልቁንም ብርጭቆን ከጫረ፣ ኳርትዝ ሊሆን ይችላል።

በአገራችን ጉዳዩ የኦፓል ጉዳይ ነው። በሰሜን ሸዋ መዘዞ አካባቢ የሚወጣው ኦፓል በእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ድቡልቡል ሆኖ የሚገኝ በመሆኑ አፈጣጠሩ ለጂኦድ የቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በደላንታ ወገል ጤና የተገኘው ደግሞ የዓለምን ገበያ የለወጠ ነው። ኦፓል ሲገላበጥ የሚታየው የቀለም ጨዋታ ፍሎረሰንስ አይደለም፤ በውስጡ የተደረደሩት የሲሊካ ቅንጣቶች ተራውን ብርሃን በትነው የሚፈጥሩት ነው። በአልትራቫዮሌት ስር የወገል ጤና ኦፓል ብዙውን ጊዜ ደከም ያለ ነጣ ወይም ቢጫማ ብርሃን ይሰጣል፤ ምንም የማይመልስም አለ። የመብራቱ ጥቅም የሚጎላው ድንጋይ በሰው እጅ ሲነካካ ነው። የከበረ ድንጋይ ስንጥቅ ለመሸፈን የሚገባ ዘይትና ሙጫ በረጅም ሞገድ ስር ብዙ ጊዜ በስንጥቁ መስመር ያበራል፤ የሻኪሶን ኤመራልድ የሚገዛም ሆነ የሚሸጥ ሰው ይህን ማየት መቻል አለበት።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለጂኦሎጂ መምህራንና ለኦፓል ነጋዴዎች ማኅበራት ነው። ባለማጣሪያ 365 ናኖሜትር ባትሪ፣ አንድ የአጭር ሞገድ መብራት ከነመከላከያ መነጽሩ፣ አንድ ጨለማ ክፍልና አንድ መዝገብ ይዘጋጅ። የደላንታም፣ የመዘዞም፣ የሻኪሶም ድንጋይ ከየት እንደወጣ፣ በየትኛው ሞገድ ምን ቀለም እንደሰጠ፣ መብራቱ ሲጠፋ ምን እንደሆነ ይመዝገብ። ገዢ ሲጠይቅ የሚታይ መዝገብ ያለው ሻጭ የተሻለ ዋጋ መጠየቅ ይችላል።