ሻጋታውን በመርፌ እየሰጡ ብርቱውን በቆሎ መለየት

አፍላቶክሲን በዓይን አይታይም፤ በምላስም አይለይም። አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለው ሻጋታ በበቆሎና በኦቾሎኒ ላይ ሲያድግ የሚያመነጨው መርዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ የተበከለ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል። መርዙን ማብሰል አያጠፋውም። ስለዚህ ሻጋታውን ገና ማሳ ላይ እያለ የሚቋቋም በቆሎ ማግኘት ትልቅ ጉዳይ ነው።

ፍለጋው ግን አስቸጋሪ ነው። ሻጋታው አንዱን እሸት ይዞ አጠገቡ ያለውን ሊተወው ይችላል፤ ሙቀትና ድርቅ ባየለበት ዓመት ይበረታል፣ በሌላው ይቀንሳል። ተፈጥሮን ብቻ የሚጠብቅ ተመራማሪ ዕድል ያተረፈውን በቆሎ ብርቱ ነው ብሎ ሊመርጥ ይችላል። መፍትሔው ሁሉንም እኩል መበከል ነው።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ የሚገኙ ተመራማሪዎች ይህን የሚያደርጉት በመርፌ ነው። የእሸቱ ጸጉር ከወጣ ሳምንት ገደማ ሲሆነው፣ የሻጋታው ስፖር የተበጠበጠበት ውሃ ከልባሱ ሥር ይወጋል፤ ለአንድ እሸት 3.4 ሚሊ ሊትር። መርፌው የሚገጠመው የደን ሠራተኞች ዛፍ ላይ በቀለም ምልክት በሚያደርጉበት መሣሪያ ላይ ነው። በቆሎው ሲደርስ ተሰብስቦ ይደርቃል፣ ተፈልፍሎ ይፈጫል፤ ከዚያ በዱቄቱ ውስጥ ያለው መርዝ ይለካል። ፍርዱን የሚሰጠው ይህ ልኬት ነው እንጂ ዓይን አይደለም፤ ላዩ ንጹሕ የሚመስል ፍሬ መርዝ ሊይዝ ይችላልና። በአሜሪካ ለሰው ምግብ የተፈቀደው ጣሪያ ከቢሊዮን 20 እጅ ብቻ ነው።

በዚህ መንገድ ከተገኙት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የተመዘገበው ኤምፒ 313 ኢ፣ ቁመቱ የረዘመና ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ለገበሬ በቀጥታ አይሰጥም፤ ጥንካሬውን ለሌሎች ዝርያዎች ለማውረስ ይዳቀላል።

ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ደግሞ ፍተሻው በላብራቶሪ፣ በፍሬው ላይ ይካሄዳል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ እዚያ የታየው ነው፦ የብርቱው ዝርያ ፅንስ ሲሞት የመቋቋም አቅሙ አብሮ ይዳከማል። ፍሬው በሕይወት እያለ ራሱን ይከላከላል ማለት ነው። የኒው ኦርሊንስ ተመራማሪዎች ናይጄሪያ ኢባዳን ካለው የሐሩር አካባቢ ግብርና ኢንስቲትዩት ጋር ሆነው ለአፍሪካ የሚስማሙ ወላጅ ዝርያዎችን አውጥተዋል።

ፈጽሞ የማይበከል በቆሎ ግን እስካሁን የለም። በቆሎ የምታመርቱ ሁሉ ቶሎ ሰብስቡ፤ ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሸራ ላይ በደንብ አድርቁ። የሻገተውን ለላምም አትስጡ፤ መርዙ ወደ ወተቷ ያልፋል።