ያውቁ ኖሯል? የሙቅ ሻወር ነገር

ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ የሙቅ ውሃ ልጅ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍልውሃ አጠገብ ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው። ከተማዋ ከፍልውሃ እየራቀች ስትሄድ ግን ሙቀቱን ከሽቦ መጠበቅ ጀመርን።

ያውቁ ኖሯል? ያቺ በአንድ እጅ የምትያዝ ኤሌክትሪክ ሻወር ከእንጀራ ምጣድ ትበልጣለች። ባለ 5,500 ዋቷ በ220 ቮልት 25 አምፔር ትስባለች፤ ባለ 3,500 ዋት ምጣድ 16። ሁለቱ ባንድ ላይ 41 አምፔር! በበዓል ዋዜማ አንዱ ሲታጠብ ሌላዋ ስትጋግር ብሬከሩ ቢወርድ ምን ይገርማል?

ያውቁ ኖሯል? ከሻወሯ ይልቅ ከጀርባዋ ያለው ሽቦ ነው ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው። ለሶኬት የተዘረጋውን ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቀጥሎ ሻወር ማብላት ግድግዳ ውስጥ ምድጃ መቅበር ነው። ከብሬከር ሳጥኑ ለብቻው የሚነሳ ባለ 6 ሽቦ፣ ባለ 32 አምፔር ብሬከር፣ አለቀ። ብሬከሩ ግን የሚጠብቀው ሽቦውን እንጂ እርስዎን አይደለም። እርስዎን የሚጠብቀው በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠው ሌላው መሣሪያ (RCD) ነው፤ ሲገዙ ለይተው ይጠይቁ።

ያውቁ ኖሯል? ብራዚሎች አብዝተው በሚጠቀሙበት በዚህ ዓይነቱ ሻወር ውስጥ የሚግለው ጥምዝምዝ ሽቦ ብዙውን ጊዜ እርቃኑን ውሃ ውስጥ ነው ያለው። ግራውንድ የግድ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአንድ የተከራየሁት ቤት ቧንቧውን በነካሁ ቁጥር ይነዝረኝ ነበር። አከራዬ “እጅህ እርጥብ ስለሆነ ነው” አሉኝ፤ እኔም በላስቲክ ነጠላ ጫማ መታጠብ ለመድኩ። በኋላ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ክዳኑን ሲፈታው፣ አረንጓዴና ቢጫዋ ሽቦ ጫፏ ተጠቅልሎ በጥቁር ናስትሮ ታስራ ተገኘች። የምትያያዝበት ዘንግ ግቢው ውስጥ አልተቀበረም፤ ሠሪው ደብቋት ሄዷል። ለነጠላ ጫማው ምስጋና ይግባው።

ያውቁ ኖሯል? ቧንቧውን በሰፊው በከፈቱ ቁጥር ውሃው ይቀዘቅዛል። 5,500 ዋት በደቂቃ 3 ሊትር ውሃን በ26 ዲግሪ ያህል ያሞቃል፤ 5 ሊትር ከለቀቁበት ወደ 16 ይወርዳል። የቧንቧው ውሃ 18 ዲግሪ ቢሆን የመጀመሪያው 44፣ ሁለተኛው 34 መሆኑ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ማታ ማታ ሻወሩ “የሚሰንፈው” አርጅቶ ላይሆን ይችላል። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ በ18 በመቶ ብቻ የሚቀንስ ይመስላል፤ የሚቀንሰው ግን አንድ ሦስተኛው ነው፤ 5,500ው 3,700 ገደማ ይሆናል።

ያውቁ ኖሯል? ሮቶው ከሻወሩ አንድ ሜትር ከፍ ቢል የሚሰጠው ግፊት አንድ አሥረኛ ባር ብቻ ነው። ሻወሩን የምታበራው ማብሪያ የምትነሳው በውሃ ግፊት ስለሆነ፣ ሮቶው ዝቅ ካለ ውሃው ይወርዳል፣ ሙቀቱ ግን የለም። ሻወር ከመግዛትዎ በፊት ጣሪያውን ይመልከቱ።

ያውቁ ኖሯል? ከቦይለር ቫልቭ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ብልሽት አይደለም። 50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከግማሽ ሊትር በላይ ያብጣል፤ ትርፉ በዚያች ቀዳዳ ይወጣል። በጨርቅ የሚደፍኗት ሰዎች አሉ፤ እባክዎ አይድፈኗት።

ያውቁ ኖሯል? አዲስ ሻወር ሲገጠም መጀመሪያ የሚከፈተው ውሃው ነው፤ ውስጡ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላ ብሬከሩ ይነሳል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው አየር ብቻ ሲተፋ ያበሩት እንደሆነ ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ቢቃጠልም ሻወሩን ሙሉውን አይጣሉት፤ በብዙዎቹ ሽቦው ለብቻው ይቀየራል። አሮጌውን ለናሙና ይዘው ይሂዱ፤ ዋቱ ካልገጠመ መልሰው ያመጡታል።