ያውቁ ኖሯል? አራት ማማ የተሸከሙት አለቶች

ከእንግሊዟ የፕሊመዝ ወደብ በስተደቡብ ምዕራብ፣ ባሕሩ መሀል፣ ኤዲስቶን የሚባሉ አለቶች አሉ። ውኃው ሲሞላ ስለሚውጣቸው ስንቱ መርከብ ሳያያቸው ተላትሞ ቀርቷል። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያውቁ ኖሯል? የመጀመሪያውን የመብራት ማማ የሠራው ሄንሪ ዊንስታንሊ በ1697 በሥራ ላይ ሳለ ፈረንሳዮች ማርከው ወሰዱት። ሁለቱ አገሮች ጦርነት ላይ ነበሩ። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ግን ጠባቸው ከእንግሊዝ እንጂ ከሰው ልጅ ጋር እንዳልሆነ ተናግረው እንዳስለቀቁት ይወሳል። ማማው በ1698 በራ።

ዊንስታንሊ ታላቅ ማዕበል ሲነሣ እዚያው ውስጥ መገኘትን ይመኝ ነበር። በኖቬምበር 1703 ምኞቱ ደረሰ፤ ሲነጋ ማማውም እርሱም አልነበሩም።

ያውቁ ኖሯል? ሁለተኛውን፣ የእንጨቱን ማማ፣ የሠራው የሐር ነጋዴው ጆን ሩድየርድ ነው። በ1755 በእሳት ጋየ። የ94 ዓመቱ ጠባቂ ሄንሪ ሆል ቀና ብሎ ውኃ ሲረጭ ከጣሪያው የቀለጠ እርሳስ አፉ ውስጥ ገባ። እርሳስ ዋጥሁ ቢልም ሐኪሙ አላመነውም። ከቀናት በኋላ ሲሞት ከሆዱ 200 ግራም ያህል እርሳስ ወጣ። እኔን የሚያንገበግበኝ ሽማግሌው ሳይታመን መሞቱ ነው። እርሳሱ ዛሬ በስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም አለ።

ያውቁ ኖሯል? ሦስተኛውን የሠራው ጆን ስሚተን መላውን ያገኘው ከኦክ ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ሰፊ፣ ወደ ላይ ሲሄድ ቀጠን የሚለውን ይህን ዛፍ ነፋስ አይጥለውም። ድንጋዮቹን እርስ በርስ የሚቆላለፉ አድርጎ ጠረባቸው፤ አንዱን ለመንቀል ጎረቤቶቹን ሁሉ መንቀል ያስፈልጋል። ማያያዣው ሌላ ፈተና ነበር፤ ተራ ኖራ ውኃ ውስጥ አይጠነክርም። ስሚተን የኖራ ድንጋይ ዓይነቶችን እያቃጠለ ሲፈትን፣ ሸክላነት ያለው ድንጋይ ውኃ ውስጥም የሚጠነክር ኖራ እንደሚሰጥ ደረሰበት። ዛሬ ድልድይና ግድብ ለምንሠራበት ስሚንቶ መንገድ ከጠረጉት ግኝቶች አንዱ ይህ ነው። በ1759 ማማው ሲበራ ብርሃኑ የ24 ሻማ ብቻ ነበር!

አራተኛውና 49 ሜትር ከፍታ ያለው የጄምስ ዳግላስ ማማ በ1882 በራ፤ ከ1982 ጀምሮ ያለ ጠባቂ ይሠራል።

የስሚተን ማማ ለምን ተተካ? ማማው ራሱ አልደከመም፤ ከሥሩ ያለውን አለት ባሕሩ ቦርቡሮት ማዕበል በመታው ቁጥር ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ነው። የላይኛው ክፍል ድንጋይ በድንጋይ ፈርሶ በፕሊመዝ ከተማ እንደገና ቆመ። የታችኛውን ግን ማፍረስ አልተቻለም። ያ ጉቶ ዛሬም ከአዲሱ ማማ ጎን፣ ማዕበሉ መሀል አለ።