ቅጥቅጥ አውቶቡስና የባሕር ማዶ ዘመዶቹ

ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የእንጦጦን ትከሻ እየቧጠጠ ወደ ሱሉልታ የሚወጣውን ቅጥቅጥ አውቶቡስ የጉለሌ ሰው ሁሉ ቢያውቀውም፣ የሚያውቀው ተሳፍሮበት እንጂ አስተውሎት አይደለምና፣ ይህን ጥበበ እድ የወለደውን ሠረገላ ላስተዋውቅ። ሻንሲውና ሞተሩ የጃፓኑ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው፤ ቱቦላሬ አጥንቱ፣ ላሜራ ቆዳው የሆነውን አካል ግን የአገራችን በያጆች በየጋራዡ ያለብሱታል።

አንድ ቀን ከጎኔ የተቀመጡ ጎልማሳ «ይህማ የተገጣጠመ ነው፤ የተሠራ መኪና ያለው በውጭ አገር ነው» ብለው ሲነቅፉት ዝም ማለት አልሆነልኝምና የኦናሃማን ነገር አጫወትኋቸው። ኦናሃማ በጃፓን በፉኩሺማ አውራጃ ያለች ወደብ ናት። የጀርመኑ ኩባንያ ሜርክ የመኪና ቀለም ጸዳል እንዲኖረው የሚያደርገውን፣ ዚራሊክ የሚባለውን ደቃቅ ዱቄት፣ ከዓለም ሁሉ በዚያች ስፍራ ባለው ፋብሪካ ብቻ ያዘጋጅ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ምድር ተናውጣ፣ ባሕርም ከወሰኑ አልፎ፣ ፋብሪካው ሥራውን ባቋረጠ ጊዜ፣ በአሜሪካ ያለው ታላቁ ፎርድ፣ ሞተር ሳይጎድለው፣ ብረትም ሳይታጣበት፣ በአንድ እፍኝ ብናኝ ምክንያት የአንዳንድ ጥቁርና ቀይ መኪኖችን ትእዛዝ ለመግታት ተገደደ። አንዲት መኪና እስከ ብሎኗ ብትቆጠር 30,000 ያህል ክፍል አላትና፣ ይህን ሁሉ ከአንድ ግቢ የሚያፈልቅ መንግሥት ከፀሐይ በታች የለም። መገጣጠም ነውር ከሆነ ነውሩ የሁሉም ነው። ጎልማሳው ሳያምኑኝ ወረዱ።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1970 የተቋቋመው የመኪና መገጣጠሚያ አምቼም የኢጣሊያውን ኢቬኮ በአዲስ አበባ ሲገጣጥም ኖሯል። የእኛም መገጣጠም በባሕር መንገድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. «ኤቨር ጊቭን» የተባለችው መርከብ የስዊዝን ቦይ ስድስት ቀን ስትዘጋው፣ በኢጣሊያና በጅቡቲ መካከል ያለው የቅርቡ የባሕር መንገድ አብሮ ተዘግቶ ነበር፤ የአገራችን የውጭ ንግድ ደግሞ ከ90 በመቶ በላይ በጅቡቲ የሚያልፍ ነው።

እናንተ ግን፣ ሹፌሮችና ረዳቶች፣ በጣራው ላይ ከልክ ያለፈ ጆንያ ቆልላችሁ በዚያ አቀበት ፍሪሲዮኑን ካቃጠላችሁ በኋላ በያጁን ትረግማላችሁ። በያጁ የሠራው አካሉን ነው፤ የተቃጠለው ፍሪሲዮን ምትክ የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነውና እባካችሁ ጭነቱን ቀንሱ።