አግድምና ቁልቁል

ባዶ ሳጥኖችን አግድምና ቁልቁል በቃላት የመሙላት ጨዋታ በ1906 ዓ.ም. አርተር ዊን በተባለ የሊቨርፑል ተወላጅ አዘጋጅነት በኒውዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ዛሬ በየቀኑ ሳይፈቱት የማያድሩ ሰዎች ብዙዎች ናቸው።

በላቲን ፊደል ተነባቢና አናባቢ ለየብቻቸው ሳጥን አላቸው፤ በእኛ ፊደል ግን ሁለቱ በአንድ ሳጥን ይገባሉ። ላሊበላ ብለን አግድም ብንጽፍ፥ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም «ላ» ላስታን ቁልቁል ማውረድ እንችላለን፤ ከ«ሊ» ሊቅ ይወርዳል። «ልደት» ግን የዚያው የ«ለ» ዘር ሆኖ ሳለ ስፍራ አያገኝም። እንዲህ ያለው ችግር እንኳ ደስ ያሰኛል።

የሚያበሳጨው የሞክሼ ፊደላት ነገር ነው። «የላሊበላ ከተማ የቀድሞ ስም» ተብሎ ሁለት ሳጥን ቢሰጠን፥ ሮሃ እንበል ወይስ ሮሐ? ሁለቱም ተጽፈው ይገኛሉ። ከዚያ ሳጥን የሚወርደው ሃይማኖት ከሆነ ሃሌታው፥ ሐዋርያ ከሆነ ሐመሩ ይገባል። አዘጋጁ ፊደል የማይለይ በሆነ ጊዜ ግን ፈቺው ሌሊቱን በከንቱ ይደክማል። «ድምፁ አንድ ከሆነ ምን ቸገረ?» የሚሉ አሉ፤ እኛ አንስማማም። በግእዝ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ማለት ወጣ፥ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ማለት ግን የሰው ገንዘብ ወሰደ ነውና፥ ፀሐይን ሌባ ልናደርጋት ነው!

በአንድ ቤት የዘመናዊ ትምህርት ቤት ልጅና የቆሎ ተማሪ አጠገብ ለአጠገብ ቢቀመጡ፥ አንዱ የአገሮችን ስም ሲያመጣ ሌላው ሞክሼውን ይለይለታል።