«ተስማማ» ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር፦ የ«አግሪ» መስተዋድዶች በጥናት ጽሑፍ

በእንግሊዝኛ በሚዘጋጅ የመመረቂያ ጽሑፍ የጥናት ዘዴውን የሚያብራራው ምዕራፍ ብዙውን ጊዜ ተሳታፊዎች በአሠራሩ መስማማታቸውን የሚገልጽ ዐረፍተ ነገር ይይዛል። ዐረፍተ ነገሩ «አግሪድ ቱ ዘ ፕሮሲጀር» ተብሎ ከተጻፈ ሰዎቹ አሠራሩ እንዲፈጸምባቸው ፈቀዱ ማለት ነው። «አግሪድ ዊዝ ዘ ፕሮሲጀር» ከተባለ ግን አሠራሩን መዝነው ትክክል ነው አሉ ወደሚለው ፍቺ ያደላል። የደም ናሙና ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ገበሬ ስለ ናሙና አወሳሰዱ ሳይንሳዊ ብቃት አስተያየት አልሰጠም፤ የሰጠው ፈቃድ ነው። የሥነ ምግባር ገምጋሚ የሚፈልገውም የዚህኑ ፈቃድ ማረጋገጫ ነው። ልዩነቱን የተሸከመችው አንዲት መስተዋድድ ናት።

የስሕተቱ ምንጭ የቃላት እጥረት አይደለም። አማርኛ «ተስማማ» ከሚለው ግስ ጋር ሰውን በ«ከ… ጋር»፣ ነገሩን ደግሞ በአብዛኛው በ«በ» ያያይዛል። «በሐሳቡ ተስማማች»፣ «በቅድመ ሁኔታው ተስማማች»፣ «በዋጋው ተስማሙ» ሲባል «በ» ሦስቱንም ያለ ችግር ያገለግላል፤ የስምምነቱን ዓይነት የሚለየው ተያያዡ ስምና ዐውዱ ነው። እንግሊዝኛ ግን ሥራውን አከፋፍሎታል፦ ለሐሳቡ «ዊዝ»፣ ለቅድመ ሁኔታው «ቱ»፣ ለዋጋው «ኦን»። ስለዚህ «በ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል ብሎ መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። መጠየቅ ያለበት ድርጊቱ አስተያየት መጋራት ነው፣ ፈቃድ መስጠት ነው ወይስ በጋራ መወሰን የሚለው ነው። (በነገራችን ላይ «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ ግስ ነው፤ መነሻው መደማመጥ ነው። «አግሪ» ደግሞ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ ደስ መሰኘትንና ፈቃድን ያመለክታል።)

«ዊዝ» ብዙ አያስቸግርም። ሰውንም፣ ሐሳብንም፣ የጽሑፍ መደምደሚያንም ይቀበላል። የአንድ ጥናት ውጤት ከቀደመ ጥናት ውጤት ጋር ሲገጥም፣ ግስ ከባለቤቱ ጋር በቁጥር ሲስማማ፣ ሌላው ቀርቶ ምግብ ለሰው አልስማማ ሲል የሚመጣው እርሱ ነው። «ቱ» በአንጻሩ ሰውን አይቀበልም። ከአማካሪ ጋር መስማማት «ዊዝ» ነው፤ አማካሪው ያቀረበውን የጊዜ ሰሌዳ መቀበል «ቱ» ነው።

ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው በ«ኦን» ነው። ይህ መስተዋድድ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ወደ አንድ ውሳኔ መድረሳቸውን ያመለክታል። ሬንሲስ ላይከርት በ1932 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው መለኪያ የሚዘጋጅ መጠይቅ ግን እያንዳንዱን መላሽ ለብቻው ይጠይቃል። አብዛኞቹ መላሾች ለአንድ ዐረፍተ ነገር «እስማማለሁ» የሚለውን ከመረጡ በኋላ ውጤቱ «አግሪድ ኦን ዘ ስቴትመንት» ተብሎ ሲዘገብ፣ መላሾቹ ተሰብስበውና ተወያይተው ዐረፍተ ነገሩን ያጸደቁ ይመስላል። ያልተደረገ ውይይት በጽሑፉ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ትክክለኛው «አግሪድ ዊዝ ዘ ስቴትመንት» ነው። የቡድን ውይይት ሲሆን ነገሩ ይለወጣል፤ ተወያዮቹ ተከራክረው ሦስት ችግሮችን በቅድሚያ ለይተው ከሆነ «ኦን» በቦታው ነው። በመላሾች መካከል የሚኖር ልዩነትና በተወያዮች መካከል የሚደረስ የጋራ ውሳኔ ሁለት የተለያዩ ግኝቶች ናቸውና፣ አንዱን በሌላው መስተዋድድ መዘገብ የማስረጃውን ዓይነት ያዛባል።

ስሙ «አግሪመንት» በሚሆንበት ጊዜም መለያየቱ ይቀጥላል። ጃኮብ ኮኸን በ1960 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ካፓ የተባለው መለኪያ በሁለት መዳቢዎች መካከል ያለውን ስምምነት ይለካል። በዚህ ጊዜ ሰዎቹ በ«ቢትዊን»፣ የተመደበው ነገር በ«ኦን» ይገለጻል።

መስተዋድድ የማያስፈልግበት ቦታም አለ። አማርኛ «ሥልጠናው ጠቃሚ በመሆኑ ላይ ተስማሙ» ሲል «በ»ን ይዞ ይቀጥላል፤ በእንግሊዝኛ ግን ሐሳቡ ባለቤትና ግስ ባለው ሙሉ ሐረግ ሲገለጽ ከ«አግሪ» ቀጥሎ «ዛት» ብቻ ይመጣል፣ «ዊዝ»ም «ኦን»ም ከፊቱ አይገቡም። «ለመሳተፍ ተስማሙ» የሚለው ደግሞ «ለ» ስላለበት ብቻ «ፎር» እየተባለ ይጻፋል፤ ተገቢው «አግሪድ ቱ ፓርቲሲፔት» ነው። በብሪታንያ አጻጻፍ «በጀቱን ተስማሙ» እንደ ማለት ያለ መስተዋድድ የተሻገረ «አግሪ» ያጋጥማል። ይህ ስሕተት አይደለም፤ ይሁንና ለአሜሪካ መጽሔት በሚላክ ጽሑፍ «ኦን»ን መጨመር ይሻላል።

የቀረው በጥናቱ ያልተሳተፉትን የሚመለከት ነው። አማርኛ «አልተስማማም» ሲል ሐሳብን አለመጋራትንም ፈቃድ መንፈግንም ይይዛል። የእንግሊዝኛው «ዲስአግሪ» ግን የ«አግሪ ዊዝ» ተቃራኒ እንጂ የ«አግሪ ቱ» ተቃራኒ አይደለም፤ ስለዚህ «ዲስአግሪድ ቱ ፓርቲሲፔት» አይባልም። በመጠይቁ ለመሳተፍ ፈቃደኛ ያልሆኑ ሰዎች «ዲክላይንድ ቱ ፓርቲሲፔት» ተብለው ይመዘገባሉ። ይህም አንድ ሰው የጥናቱን ዓላማ እየደገፈ እንኳ ላለመሳተፍ መብት እንዳለው ሳይነካ ያልፋል።